«እጅ!» ያላልኩበት ጠዋት

ይህን እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ዕድሜ ልኩን የሰው ኑዛዜ ሲሰማ ለኖረው ለአባቴ ለቄሱ አልነገርኩትም። በየዐቢይ ጾሙ ነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ስስቱን፣ ጾም መግደፉን ሁሉ ስዘረዝር፣ ይህቺን አንዷን ከምላሴ ሥር ሸጉጬ ተመልሻለሁ። አራት ዓመት ሙሉ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። አሁን የምነግረው ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ ነው። እንድታዝንልኝ አይደለም። ብታዝንልኝ እቆጣለሁ።

አዎ፣ እቆጣለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ቃል ከእኔ አፍ ቢሰሙ ይስቃሉ። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ማበጠሪያ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ ዛሬ የሥልጠና ኃላፊ ነኝ። ስሜ ንጉሤ ነው፤ ሠራተኞቹ ያወጡልኝ ስም ግን «አባ እርጋታ» ነው። ስቆጣ ያየኝ የለም። ድምፄን ከፍ ያደረግኩበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። በዚህ ስም እኮራ ነበር። ዛሬ ሲጠሩኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ጯሂ ነበርኩ። ሠራተኛ ሲያረፍድ እጮኻለሁ፣ ሱፍ ሲባክን እጮኻለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ወጡ ጨው ቢያንሰው እጮኻለሁ። ልጆቼ የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ጓዳ ይሸሹ ነበር። ድርጅቱ እኛን የክፍል ኃላፊዎችን ለሦስት ቀን ሥልጠና አዲስ አበባ ላከን፤ ጥሞና ለሥራ መሪዎች የሚል ነበር። ለስላሳ ድምፅ ያላት አሠልጣኝ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ዐይናችንን አስጨፈነችን። በአፍንጫችሁ ሳቡ፣ እስከ አራት ቁጠሩ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ቁጣ ሲመጣ መንገድ ዳር ቆማችሁ እንደሚያልፍ መኪና እዩት እንጂ አትሳፈሩበት፣ አለችን። ስንመለስ ጫጫ ላይ የሚኒባሱ ረዳት በአንድ ወንበር አራተኛ ሰው ደርቦ ቢጭንብኝ እንኳ ዐይኔን ጨፍኜ ተነፈስኩ። ለካ እኔም ሰው መሆን እችላለሁ አልኩ።

ትንፋሹን አልከስም። አሠልጣኟንም አልከስም። በዚያ ሰሞን እንቅልፌ ተመለሰልኝ፤ ልጆቼ ከእኔ መሸሽ ተዉ። እርሷ የራሳችሁን ቁጣ እዩ አለችን እንጂ የሰው አፍ ዝጉ አላለችንም። ያንን ከራሴ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

የማበጠሪያ ክፍል ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አሥራ አንድ ማሽን ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ የብረት ጥርስ የወጣባቸው ጥቅልል ብረቶች አሉት፤ ጥርሶቹ ሱፉን እየነከሱ ያበጥሩታል። ሱፉ ብናኝ አለው። ብናኙ ጥርሱ መሀል ሲጠቀጠቅ ማሽኑ ይታነቃል። ስለዚህ በየፈረቃው አጋማሽ አሥራ አንዱም በአንድ ማብሪያ ለአምስት ደቂቃ ይጠፋሉ፤ ሴቶቹ እጃቸውን አስገብተው ብናኙን ያወጣሉ። ማብሪያው ዘንድ የሚቆመው ጋሽ ደምሴ ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ጋሽ ደምሴ ደረቱን ነፍቶ «እጅ!» ብሎ ይጮኻል። ሴቶቹ ከአንደኛው ማሽን ጀምረው በየተራ «ወጥቷል!» ይላሉ። «ወጥቷል!» «ወጥቷል!» አሥራ አንድ ድምፅ ካልቆጠረ ቁልፉን አይነካም። አሥር ከሰማ፣ «ማናት ያልመለሰችው?» ብሎ ዳር እስከ ዳር ሄዶ ያያል። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። ጋሽ ደምሴ በጎልማሳነቱ የጓደኛው እጅ ሲያዝ አይቶ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሱ ያመጣው ልማድ ነው።

እኔ ይህን ልማድ ገደልኩት። እኔ። ማንም አላዘዘኝም።

ከሥልጠና በተመለስኩ በወሩ አምስቱን ደቂቃ የጥሞና ሰዓት አደረግኳት። ማሽኑ ይጠፋል፤ ሴቶቹ በየማሽናቸው ሥር የሱፍ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሳሉ፤ እኔ መሀል ላይ ቆሜ እመራለሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት በጣም ወደደው። ፎቶ ተነሣን። ግድግዳው ላይ «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚል በትልቁ አጽፌ ሰቀልኩ። ሴቶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲንሾካሾኩና ሲስቁ፣ ምን አልኳቸው መሰለህ? ጥሞና መሀል መናገር ቅዳሴ መሀል እንደ መነጋገር ነው አልኳቸው። ለሙስሊሞቹ ደግሞ ሶላት መሀል እንደ ማውራት ነው አልኳቸው። የአንኮበር ቄስ ልጅ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። አመኑኝ። ከዚያ በኋላ የሚያስነጥሳት እንኳ በነጠላዋ አፏን ታፍን ነበር። እግዚአብሔርን ለፋብሪካ ጸጥታ ዘበኛ አድርጌ ቀጠርኩት፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት አገኘሁ?

ከአምስት ደቂቃ ዝምታ በኋላ «እጅ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ደግሞ ጆሮዬን ጎረበጠኝ። እንደ ደወል የሚመታ የነሐስ ሳህን ከነመምቻ እንጨቱ ገዛሁ። ከእንግዲህ ጩኸት የለም፤ እኔ ሳህኑን ስመታ ጋሽ ደምሴም እንደ ሌላው ዐይኑን እንደጨፈነ ሦስት ጊዜ ይተነፍስና ቁልፉን ይጫናል አልኩ። ጋሽ ደምሴ ሳህኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ልጄ፣» አለኝ፣ «ድምፁ ያምራል። ደወል ግን እጅ አይቆጥርም።»

ፈገግ አልኩለት። በዚያ ዘመን ለሁሉም ነገር ፈገግ እል ነበር። ሽማግሌው ሌላ ምን ይበል? አለቃው እኔ ነኝ።

ብናኙስ? ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ብናኙ መቼ ይወጣል? አዎ፣ ጠይቀኝ! የማጽጃውን አምስት ደቂቃ ለዝምታ ሰጥቼ ለማጽጃ ሌላ ደቂቃ አልሰጠሁም። ምርት እንዲቀንስ አልፈለግኩም። ማሽኖቹ ግን ንጹሕ ሆነው መገኘት ነበረባቸው። ሴቶቹ መላ አበጁ። ሌላው ዐይኑን ሲጨፍን፣ ማሽኗ የታነቀባት ቀስ ብላ ተነሥታ፣ ኮሽ ሳታደርግ ብናኟን አውጥታ ትመለሳለች። አውቅ ነበር። የምመራው ሰው ስለሆንኩ ዐይኔን ሙሉ በሙሉ አልጨፍንም፤ አያለሁ። አትሥሩ አላልኩም፤ ሥሩም አላልኩም። እንዲህ ያለ አለቃ ታውቃለህ? እሺም እንቢም የማይል፣ ነገሩ ሲበላሽ «እኔ መቼ ፈቀድኩ?» የሚል? ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሰባተኛው ማሽን የአስካለ ነበር።

አስካለ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ገበሬ ናት። ባሏ በዚያው ቀርቷል፤ እንዴት እንደቀረ አልጠየቅኳትም፤ እርሷም አልነገረችኝም። ከተማው ዳር ካለው መጠለያ ሁለት ልጆቿን ትታ ከጎህ ቀድማ፣ ውርጩን እየረገጠች በእግሯ ትመጣለች። ሥራ ትወዳለች። ድምፅ አላት፤ ያ ድምፅ! አገሯ ሳለች ከማዶ ያለ ሰው ለመጥራት ወንዝ መሻገር አያስፈልጋትም ነበር አሉ። በጥሪው ዘመን ሰባተኛዋ «ወጥቷል!» ስትባል ሌሎቹ ሁሉ ይስቁ ነበር፤ ጋሽ ደምሴም «ያንቺ ለሁለት ይቆጠር!» ይላት ነበር። ጥሪውን ባስቀረሁ በሦስተኛው ሳምንት ቢሮዬ መጣች። ቆጣ ብላለች።

«ጋሼ፣ ጥሪው ይመለስልን» አለችኝ። «አንድ ቀን የሰው እጅ ይበላል።»

«ተቀመጪ፣ አስካለ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ሌላም አለ። ዐይኔን ስጨፍን ያ ነገር ይመጣብኛል። ቤቱ ሲነድ ይታየኛል። እባክዎ ጋሼ፣ እኔ በዚያች ሰዓት እጄ ሥራ ይያዝ፤ ላጽዳ። እነርሱ ይተንፍሱ።»

አሁን እንግዲህ የእኔን መልስ ስማ። ይህቺ ሴት የነደደ ቤቷን ይዛ ፊቴ ቆማለች። እኔ ምን አደረግኩ? በአፍንጫሽ ሳቢ አልኳት። እስከ አራት ቁጠሪ አልኳት። የሚመጣውን ነገር አትግፊው፣ እንዲያልፍ ፍቀጂለት አልኳት። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ቁጣ ላንቺም አይበጅሽም አልኳት። እርሷም ሥራዋን ፈርታ በአፍንጫዋ ሳበች፤ እንባዋ እየወረደ ሳበች። ላጽዳ ስላለችው ነገር እሺ አላልኳትም፤ እንቢም አላልኳትም። ፈገግ ብዬ በሩን ከፈትኩላት። ከወጣች በኋላ እንዴት በትዕግሥት እንዳስተናገድኳት እያሰብኩ በራሴ ረካሁ። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስካለ በጥሞና ሰዓት ጆንያ ላይ አልተቀመጠችም። በየቀኑ እጇ ማሽኑ ውስጥ ነበር። እኔም በየቀኑ አያት ነበር።

በዚያው ሰሞን ለጥምቀት አንኮበር ወደ አባቴ ወጣሁ። ያመጣሁትን ለውጥ በኩራት ነገርኩት፤ ቄስ ነውና ሠራተኛ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደስ ይለዋል ብዬ። አባቴ ጋቢውን እየሳበ፣ ገደሉን ያለበሰውን ጉም እያየ ሰማኝ።

«መነኩሴ አርምሞ ሲይዝ የራሱን አፍ ነው የሚዘጋ» አለኝ። «አንተ ግን የሰው አፍ ነው የዘጋኸው። ደግሞስ ቅዳሴ ጸጥታ ነው ያለህ ማነው? ዲያቆኑ አይደለም ወይ ቆሞ የሚጮኸው? የተቀመጠውን ተነሥ፣ የቆመውን ወደ ምሥራቅ ተመልከት እያለ? ያለ እርሱ ሕዝቡ የት እንዳለ በምን ያውቃል?»

ተናደድኩ። ጨካኝ ሽማግሌ አልኩ በልቤ። ከዚያ ተነፈስኩ፣ አራት ቆጠርኩ፣ ፈገግ አልኩ። ቁጣዬ የጠፋ መሰለኝ። አልጠፋም ነበር። ቁጣዬን ሸፈንኩት እንጂ አላጠፋሁትም፤ ፍም አመድ ውስጥ እንደሚያድር ያድር ነበር። ይህን ያወቅኩት በዚያ ጠዋት ነው።

በዚያ ጠዋት ምክትል ሥራ አስኪያጁ የጥሞናውን ሰዓት ሊያዩ መጡ። ሌሎች ክፍሎችም እንዲጀምሩት ሊያደርጉ ነበር። ነገሩ ከሠመረ እኔ የሥልጠና ኃላፊ እንደምሆን ሹክ ብለውኛል። ማሽኖቹ ጠፉ። ሴቶቹ ተቀመጡ። ጋሽ ደምሴ ማብሪያው ዘንድ ዐይኑን ጨፈነ። ምክትሉ ከጎኔ ቆመው ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ መራሁ፤ ሳቡ፣ ቁጠሩ፣ ልቀቁ። ጸጥ አለ።

ቀና ስል አስካለን አየኋት። ትላንትም ከትላንት ወዲያም እንዳደረገችው ሰባተኛው ማሽን ላይ ጎንበስ ብላለች። ቀኝ እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ጥርሱ መሀል ነው። የታነቀ ብናኝ ይዛ ትጎትታለች።

አየኋት። ይህን ነው አራት ዓመት ለማንም ያልተናገርኩት። አየኋት፤ እጇን አየሁት።

አምስቱ ደቂቃ አለቀ። ምክትሉ ዐይናቸውን ገልጠው ሰዓታቸውን አዩ። ሳህኑ በግራ እጄ፣ እንጨቱ በቀኝ እጄ ነው። አንድ ቃል ነበረች። «እጅ!» ማለት ነበረብኝ። ወይም «አስካለ!» ማለት። ወይም ዝም ብዬ መቆም፣ እጇን እስክታወጣ ምክትሉን ማስጠበቅ። ለምን አላደረግኩትም? ጸጥታው እንዳይሰበር ብዬ ነው? እርሱም አለበት። በእንግዳ ፊት እንዳላፍር ብዬ ነው? እርሱም አለበት። ግን ከሥር ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱን ልናገር ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ተናድጄባት ነበር። ይህቺ ሴት ዛሬም በእንግዳ ፊት አልታዘዘችኝም፣ ጸጥታዬን አረከሰችብኝ አልኩ። ሳህኑ ሲመታ ትሰማለች፤ ሦስት ትንፋሽ አላት፤ ታወጣዋለች አልኩ። ትደንግጥ! አልኩ። አንዴ ደንግጣ ትማር። ፊቴ ላይ ፈገግታ ነበረ። ልቤ ውስጥ ግን ያ የድሮው ጯሂ ቆሞ ነበር። ድሮ ቢሆን ኖሮ እጮኽባት ነበር። ጮኼባት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እጇ ሙሉ ነበር። ክፉው ንጉሤ ያድናት የነበረችውን ሴት ጨዋው ንጉሤ አስበላት። ይህን እንዴት ነው የምሸከመው?

ሳህኑን መታሁ። እኔ ነኝ የመታሁት። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነበር። ብናኙ ጨምቆ ይዟት ኖሮ እጇ ቶሎ አልወጣም። ጋሽ ደምሴ ባዘዝኩት መሠረት ዐይኑን እንደጨፈነ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ፤ ቁልፉን ተጫነ።

ጩኸቷን አልጽፈውም። በዚያ ክፍል ከወራት በኋላ የተሰማ የመጀመሪያው የሰው ጩኸት ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደተረጋጋሁ ልትሰማ ይገባል። ማሽኑን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እጇን በነጠላዋ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ መኪና የጠራሁት፣ የሚያለቅሱትን ሴቶች ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ምክትሉ ትከሻዬን ይዘው፣ «እንዴት ያለ እርጋታ ነው!» አሉኝ። አስካለ ሦስት ጣቶቿን አጣች፤ አውራ ጣቷና ትንሿ ብቻ ተረፉ። እኔ ምስጋና አገኘሁ።

ሪፖርቱን የጻፍኩት በማግስቱ ነው። ሠራተኛዋ በጥሞና ሰዓት ያለ ፈቃድ እጇን ማሽን ውስጥ ማስገባቷን ጻፍኩ። ትኩረት የጎደላት መሆኑን ጻፍኩ። ከዚህ ቀደምም ስሜቷን ለመቆጣጠር እንደምትቸገር ቢሮዬ ድረስ መጥታ እንዳሳየች ጻፍኩ። የነደደ ቤቷን የነገረችኝን፣ እርሱን ወስጄ ማስረጃ አደረግኩባት። በመጨረሻ፣ «የክፍሉ ኃላፊ በወቅቱ ዐይኑን ጨፍኖ ስለነበር አላየም» ብዬ ፈረምኩ።

አጣሪዎቹ ሁለታችንንም በየተራ ጠሩን። አስካለ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ይዛ ቀድማ ገባች፤ ተናገረች፤ ስትናገር ጮኸች። ለምን አትጮኽ? ተራዬ ሲደርስ እኔ ቀስ ብዬ፣ እያዘንኩ፣ ስሟን በአክብሮት እየጠራሁ ተናገርኩ። ያን ቀን የተናገርኩት ሁሉ ከአንገት በላይ ነበር። ጥፋቱ የራሷ ነው ተባለና ከሥራ ወጣች። ጋሽ ደምሴ በሳምንቱ መልቀቂያ አስገባ። ቢሮዬ መጥቶ፣ «ቁልፉን የተጫነው የእኔ እጅ ነው፣ ልጄ፤ ይህ እጅ እንዴት እንጀራ ይቁረስ?» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያ ሽማግሌ፣ ያስጠነቀቀኝ ሽማግሌ፣ የእኔን ኃጢአት የራሱ መስሎት ተሸክሞ ሲወጣ ዝም ብዬ አየሁት። በረጅሙ ተንፍስ፣ ጋሽ ደምሴ፣ አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት።

የሥልጠና ኃላፊ ሆንኩ። አራት ዓመት በየፋብሪካው እየዞርኩ አለቆችን ዐይናቸውን አስጨፍናለሁ፤ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እኔ ራሴ ዐይኔን መጨፈን አልቻልኩም። ስጨፍን ይመጣብኛል።

ባለፈው ወር መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ አስካለን አየኋት። ላስቲክ ዘርግታ የሱፍ ካልሲ ትሸጣለች። ዙሪያዋን ያሉት ሻጮች ሁሉ «ካልሲ! የብርድ ካልሲ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከማዶ ማዶ የምትጣራው ሴት ዝም ብላ ተቀምጣለች። ገዢ ሲመጣ በግራ እጇ ታነሣለች፤ ቀኟን ከነጠላዋ ሥር አታወጣም። ማለፍ እችል ነበር። እግሬ ግን እንቢ አለኝ፤ ሄጄ ፊቷ ቁጢጥ አልኩ። ለማንም ያልተናገርኩትን፣ ሳልዘጋጅ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ያን ቀን አይቼሽ ነበር አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ዐይን ለዐይን ተያይተናል እኮ። ያየኸኝ ስለመሰለኝ አትመታውም ብዬ ነው ተረጋግቼ የጎተትኩት።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችኝ። «ለአጣሪዎቹ ነግሬያቸዋለሁ። አይቶኛል ብዬ ጮህኩ። አንተ ቀስ ብለህ አላየሁም አልክ። ቀስ ብሎ የተናገረ ታመነ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ከእኔ በፊት ቃሏን ስትሰጥ ከበሩ ውጭ ነበርኩ፤ ጩኸቷን ሰማሁ እንጂ ቃሉን አልሰማሁም። ተመልክተኸዋል? ዐይኔን አምናው ነው እጇን ያላወጣችው። ዐይኔን ጨፍኜ ቢሆን ኖሮ ቶሎ በሸሸች ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት አፌን ስከፍት በግራ እጇ ከለከለችኝ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገር። ለጋሽ ደምሴ ንገር፤ ሰውዬው ሳይሞት።» ከዚያ የመጣ ገዢ ነበርና ወደ እርሱ ዞረች።

ለጋሽ ደምሴ ነገርኩት። ምን እንዳለኝ የእርሱና የእኔ ይሁን፤ ይቅር ግን አላለኝም። ቀጥዬ ሁሉንም በደብዳቤ ጽፌ፣ ሪፖርቱ ሐሰት መሆኑን፣ አስካለ ጥፋት እንደሌለባት፣ አይቻት እንደነበር ፈርሜ ለምክትሉ ይዤ ገባሁ። እርሳቸው ያኔ ከጎኔ የቆሙት ናቸው። አነበቡት። አጣጠፉት። መሳቢያቸውን ከፍተው ከተቱት።

«ንጉሤ፣ ዛሬ ተረብሸሃል» አሉኝ። «በረጅሙ ተንፍስ። አንተ እኮ ነህ ያስተማርከን። ሁለት ሦስት ቀን በጥሞና አስብበት፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ፈገግ ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ልክ እኔ ለአስካለ እንደከፈትኩላት ነው የከፈቱልኝ።

ያን ጊዜ ጮህኩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እዚያው በራቸው ላይ፣ «አይቻታለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ጸሐፊዋ ደንግጣ ተነሣች። ሁለት የጥበቃ ሰዎች መጥተው ክንዴን ይዘው፣ «ጋሽ ንጉሤ፣ ይረጋጉ» እያሉ ወደ ውጭ መሩኝ። አሁን ስለ እኔ ምን እየተባለ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባ እርጋታ አእምሮው ተነክቷል እየተባለ ነው። የጮኸ ሰው እንደማይታመን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝና በማን እቆጣለሁ?

ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ስላለ ነው ለአንተ የጻፍኩት። የሰማ ላልሰማ ያሰማ። የሰባተኛው ማሽን ሴት ትኩረት አልጎደላትም። ያለ ፈቃድም አልሠራችም፤ ጠይቃኝ ነበር። ጋሽ ደምሴ አልበደለም፤ ዐይኑን ያስጨፈንኩት እኔ ነኝ። ትንፋሹም አልበደለም። አንተም የሰው አለቃ ከሆንክና ነገ ጠዋት ሠራተኞችህን ጸጥ አሰኝተህ የምታስተነፍስ ከሆንክ ተንፍስ፤ ግን መጀመሪያ ጮኸህ እጃቸውን ቁጠር።

ይቅርታ አልጠይቅህም። እጁ ያንተ አልነበረም። ከእርሷም አልጠየቅኩም፤ ከለከለችኝ፤ ልክ ነበረች። ይቅርታ የሚለምን ሰው ቢያንስ አላየሁም ማለት ይችላል። እኔ ያንን ማለት የምችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ብዬዋለሁ፤ ፈርሜበታለሁ። አሁን የቀረኝ ሌላው ቃል ነው፤ እርሱንም በተጠየቅኩበት ሁሉ፣ በማንም ፊት፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። እጇ ማሽኑ ውስጥ ነበር። አየሁት። ከዚያ ሳህኑን መታሁ።